የማኅበረሰብ ደን ሕጎች በአፍሪካ፦ የዓመቱ የቆረጣ መጠን ከየት ይመጣል?

ዝግባ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአፍሪካ አገሮችን የማኅበረሰብ ደን ሕግ የሚያነጻጽር የሥልጠና ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የካሜሩን የ1994 ሕግ ለአንድ ማኅበረሰብ ቢበዛ 5,000 ሄክታር በ25 ዓመት ስምምነት ይሰጥ ነበር። ዲሞክራቲክ ኮንጎ በ2014 ድንጋጌዋ እስከ 50,000 ሄክታር ያለ ጊዜ ገደብ ትሰጣለች። ታንዛኒያ በ2002 የደን ሕጓ መንደሩ ራሱ ደኑን ከልሎ እንዲያስተዳድር ትፈቅዳለች።

ሁለት ነገር አልጠራልኝም። ከእነዚህ ልዩነቶች መሬት ላይ ውጤቱን የሚወስነው የትኛው ነው? የደኑ አያያዝ ዕቅድ «በዓመት ይህን ያህል ዛፍ ይቆረጣል» ሲልስ ቁጥሩ እንዴት ተሰላ? ብዙ ዕቅዶች ላይ ቁጥሩ አለ፣ ስሌቱ የለም።

ወይራ

ሄክታሩና ዓመቱ ሁለተኛ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚታየው የቆረጣ ፈቃዱን ማን ይፈርማል፣ ገንዘቡስ ማን ካዝና ይገባል የሚለው ነው። ታንዛኒያ ላይ በአንድ ሕግ ሥር ሁለት መንገድ ስላለ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደኑ በመንደር መሬት ላይ ከተከለለ መንደሩ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል፣ ዋጋ ይተምናል፣ ገቢውን ለራሱ ያስቀራል። የመንግሥት ደን በጋራ ሲተዳደር ግን ጥበቃው ወዲያው ለመንደሩ ይሰጥና የገቢ ድርሻው ለዓመታት ሳይወሰን ይቆያል፤ በሌላ አነጋገር ደመወዝ የሌለው ዘበኛ ይሆናል። በኪልዋ የመጀመሪያውን መንገድ የያዙ መንደሮች በ2009 የኤፍ.ኤስ.ሲ. (ደን በኃላፊነት መያዙን የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት) የቡድን ምስክር ወረቀት አግኝተው ምፒንጎ (ክላርኔት የሚሠራበት ጥቁር እንጨት) መሸጥ ጀመሩ።

ካሜሩን ላይ ችግሩ የስፋቱ ማነስ ሳይሆን የሰነዱ ዋጋ ነው። ካርታ፣ ቆጠራ፣ የአያያዝ ዕቅድ፣ ከዚያ በየዓመቱ የቆረጣ ፈቃድ ያስፈልጋል። መንደሩ ይህን መክፈል ስለማይችል እንጨት ገዢው ይከፍልለታል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ተማኙ ገዢው ነው። 5,000 ሄክታር በ25 ዓመት ሲካፈል በየዓመቱ የሚቆረጠው ክፍል 200 ሄክታር ነው። ፈቃዱ ዘግይቶ ዝናብ ከገባ ግንድ ማውጣት አይቻልም፤ ያኔ ገዢው እንዳይከስር ከክፍሉ ውጭ፣ መንገድ ዳር ያለውን ይቆርጣል። ደኑን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ሕጉ በሐምሌ 2024 በአዲስ ተተክቷል፤ በጽሑፍዎ አሮጌውንና አዲሱን አያደባልቁ።

ኮሶ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። ስሌቱ የሚጀምረው ከቆጠራ ነው፣ የሚበላሸውም እዚያው ነው። የተለመደው ክብ ናሙና (ዛፎቹ የሚለኩበት ቦታ) 17.84 ሜትር ሬዲየስ አለው፤ ይህ 0.1 ሄክታር ነው። ዲያሜትር የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ነው፤ ግንዱ ከሥሩ ክንፍ ካለው ክንፉ ካለቀበት 30 ሴ.ሜ ከፍ ተብሎ ይለካል። ተዳፋት ላይ ገመዱን መሬቱን ተከትሎ መዘርጋት የተለመደ ስህተት ነው። በ40 በመቶ ተዳፋት ሽቅብና ቁልቁል 19.21 ሜትር ካልተለካ ናሙናው በ7 በመቶ ያንሳል፣ የእንጨቱም መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የናሙናው ብዛት ከልዩነቱ ይወጣል፦ የልዩነት መጠኑ (ናሙናዎቹ እርስ በርስ የሚለያዩበት) 60 በመቶ፣ የሚፈቀደው ስህተት 15 በመቶ ከሆነ፣ 2 ሲባዛ 60 ሲካፈል 15፣ ውጤቱ ሲባዛ በራሱ፣ 64 ናሙና ነው። ስህተቱን 10 በመቶ ላድርግ ካሉ 144 ይሆናል። ናሙናው ገደል ወይም ገላጣ ላይ ሲያርፍ «ትንሽ ወደ ደኑ እናስጠጋው» ማለት ቆጠራውን ሁሉ ያበላሻል።

ከዚያ የመተካት መጠን፣ ማለትም ከሚቆረጡት ዛፎች ምን ያህሉ እንደሚተኩ፣ ይሰላል። የካሜሩኑ ቀመር ለማንም ይገባል፦ ከዝቅተኛው የመቁረጫ ዲያሜትር በታች ያሉትና በአንድ ዙር (ከአንድ ቆረጣ እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ) እዚያ የሚደርሱት ዛፎች ይቆጠራሉ፤ በቆረጣ ለሚሰበሩት 7 በመቶ፣ በየዓመቱ ለሚሞቱት 1 በመቶ ይቀነሳል፤ ቀሪው ዛሬ ለቆረጣ ለደረሱት ይካፈላል። ምሳሌ እንውሰድ። ዙሩ 30 ዓመት፣ ዕድገቱ በዓመት 0.5 ሴ.ሜ ነው እንበል፤ ስለዚህ ከዝቅተኛው ዲያሜትር እስከ 15 ሴ.ሜ ብቻ የሚያንሱት ይቆጠራሉ። እነሱ 40፣ ለቆረጣ የደረሱት 50 ከሆኑ፣ 40 ሲባዛ 0.93 ሲባዛ 0.74 ወደ 27.5 ይሆናል፤ የመተካት መጠኑ 55 በመቶ ነው። ዝቅተኛው ዲያሜትር በ10 ሴ.ሜ ከፍ ቢል የሚቆረጡት ወደ 30፣ የሚተኩት ወደ 33 ቢመጡ መጠኑ 76 በመቶ ይደርሳል። ዕቅድ አውጪው በእጁ ያለው ዋና መሣሪያ ይህ ነው።

ዝግባ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ግን 55 በመቶ ማለት በሁለተኛው ዙር የሚገኘው እንጨት በግማሽ ወረደ ማለት አይደለም? በምን ሒሳብ ነው ዘላቂ የሚባለው?

ኮሶ

ልክ ነዎት። የካሜሩን ደንብ ለዋና ዋና ዝርያዎች ቢያንስ 50 በመቶ ነው የሚጠይቀው። መከራከሪያው የመጀመሪያው ቆረጣ ለዘመናት የተጠራቀመውን ይወስዳል፣ ያን ማንም በ30 ዓመት አይመልሰውም የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ የድርድር ቁጥር እንጂ የሥነ ሕይወት ቁጥር አይደለም። ከዚያም ቀመሩ አንድ ዙር ብቻ ነው የሚያየው። እንደ አዩስ ያሉ ብርሃን ወዳድ ዝርያዎች በመካከለኛ ውፍረት በብዛት ይገኙና ቀጫጭኖቹ ይጠፋሉ፤ የመጀመሪያው ዙር ያማረ ቁጥር ይሰጥና ሦስተኛው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የ10 እና የ20 ሴ.ሜዎቹን ቁጥር ለየብቻ ይጠይቁ። ከሌሉ ዘር ሰጪ ዛፎች በየቦታው ተበትነው ይቅሩ፣ በተከፈተው ቦታም ችግኝ ይተከል፤ ችግኙ ብርሃን እንዲያገኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዙሪያው መመንጠር አለበት፣ አለበለዚያ ሐረግ ይውጠዋል።

ጥድ

አንድ ነገር ልጨምር። በኢትዮጵያ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) የማኅበረሰብ ደንን ቢያውቅም በከፋና በመሳሰሉት የተፈጥሮ ደኖች የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ገቢ በዋናነት ቡና፣ ማርና ቅመም ነው። እዚያ የቆረጣ ቀመር ብቻውን አይጠቅምም። ቡናው እንዲያፈራ ከሥር ያለው በየዓመቱ ሲመነጠር የዛፍ ችግኝም አብሮ ይሄዳል። ከሳተላይት ሲታይ ጥላው ሙሉ ነው፣ ከታች ግን ተተኪ የለም። ስለዚህ በየናሙናው ውስጥ 2 ሜትር ሬዲየስ ያላት ትንሽ ክብ ከልለው የዛፍ ችግኝ በዝርያ ይቁጠሩ፣ ምንጣሮ የማይነካው ክፍልም በስምምነቱ ላይ በካርታ ይለይ።

አገሮቹን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ ካወጡ ደግሞ የደን ትርጉም የሚል ዓምድ ይጨምሩ። ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ 5 ሜትር ቁመትና 10 በመቶ ጥላ ይላል፤ ኢትዮጵያ በ2015 (በአውሮፓውያን) የያዘችው 0.5 ሄክታር፣ 2 ሜትርና 20 በመቶ ነው። በሁለተኛው ትርጉም ረጃጅሙ የቆላ ቀርከሃ ብቻ ሳይሆን አጫጭሩ የደረቅ አካባቢ ደንም ይገባል፤ የሁለት አገር ሽፋን ያለዚህ ዓምድ ጎን ለጎን አይቀመጥም።