በደሴ የከተማ አውቶቡስ እንዲያዋጣ ፎቅ ቤት መቅደም አለበት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ሆነን ስለ ከተማችን ትራንስፖርት ስንጨዋወት፣ አንድ ጎረቤታችን «በፌርማታዎች ዙሪያ ፎቅ ቤት በብዛት ካልተሠራ የከተማ አውቶቡስ ባዶ ወንበር ከማመላለስ አያልፍም» ብለው ተከራከሩ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ፒያሳ ለመውረድ ታክሲ ስጠብቅ የምሰለፈውን ሰልፍ ሳስበው ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። በሙያው ያላችሁ፣ በአንድ ፌርማታ አካባቢ ስንት ቤት ቢኖር ነው አውቶቡስ የሚያዋጣው?

መልስ 1፦
ወንድም ዓለም፣ የጎረቤትዎ ሐሳብ መሠረት የሌለው አይደለም። ፑሽካሬቭና ዙፓን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለሚመጣ አውቶቡስ በሄክታር 17 ያህል ቤቶች፣ በየ10 ደቂቃው ለሚመጣ ደግሞ 37 ያህል ቤቶች እንደሚያስፈልጉ አመልክተዋል (እነርሱ የለኩት በኤከር ነው፤ 7 እና 15 ይላል)። ይህ ልክ ግን የወጣው አብዛኛው ቤተሰብ የራሱን መኪና በሚነዳበት አገር ነው። በእኛ ሰፈሮች ባለቤቱና ሦስት አራት ተከራዮች በአንድ ግቢ ስለሚኖሩና መኪና ያለውም ጥቂት ስለሆነ፣ ጥግግቱ ያለ ፎቅም አለ።

ችግሩ ከቤት እስከ ፌርማታ ያለው መንገድ ይመስለኛል። ሰው ወደ አውቶቡስ 400 ሜትር ያህል በእግሩ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል፤ ይህ ግን የሜዳ ስሌት ነው። ከጦሳ ግርጌ ለሚኖር ሰው፣ ክረምት በጭቃ ተንሸራትቶ መውረዱ ሳያንስ፣ ማታ አስቤዛ ተሸክሞ ያንኑ 400 ሜትር ሽቅብ መውጣት ሌላ ነገር ነው። ባጃጁ ገበያ ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ 2፦
ከኮምቦልቻ ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንደምናየው፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ጠዋት ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋል፣ ማታ ደግሞ በተቃራኒው ይመለሳል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ አውቶቡስ ሞልቶ ቢሄድም ባዶውን ይመለሳል፤ ነዳጁና የሹፌሩ ደመወዝ ግን ለሁለቱም ጉዞ ይወጣል። አዲስ አበባም እንደ ጀሞና ኮዬ ፈጬ ባሉ ዳርቻዎች ኮንዶሚኒየም ስትገነባ ጥግግት አላጣችም፤ ነዋሪው ግን ለሥራ ወደ መሃል ከተማ መጉረፉ አልቀረም። ስለዚህ ቤት ብቻ ሳይሆን ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያውም በመስመሩ ግራና ቀኝ ሲሆኑ ነው ደርሶ መልሱ የሚያዋጣው።

መልስ 3፦
ፎቁ የት ይሠራ የሚለውም ይታሰብበት። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ በመሆኗ፣ ፌርማታ ስለቀረበ ብቻ ተዳፋት ላይ ፎቅ መደርደር አይቻልም።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከቤቴ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን በሰዓት ለካሁት፤ ስወርድ 7 ደቂቃ፣ ስመለስ 16 ደቂቃ ፈጀብኝ። ለጎረቤታችን ይህን ብነግራቸው «እኔንስ 25 ይፈጅብኛል» አሉኝ።