ጨርቅን በሌዘር መቁረጥ፦ ጥጡ ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦
በልብስ ስፌት ሥራ ላይ የተሰማራሁ ስሆን፣ በቅርቡ የገዛሁት 60 ዋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር መቁረጫ ፖሊስተሩን በንጽሕና ሲቆርጥልኝ የነጩን ጥጥ ጠርዝ ግን ቡናማ እያደረገ አስቸግሮኛል። መፍትሔው ምንድን ነው? ጨርቁን ደራርቤ መቁረጥስ እችላለሁ?

መልስ 1፦
ልዩነቱ ከጨርቁ ባሕርይ የሚመጣ ነው። ፖሊስተር በሙቀት ስለሚቀልጥ ጠርዙ ራሱን ያሽጋል፣ ክሩም አይተረተርም፤ ጥጥ ግን ሳይቀልጥ በቀጥታ ስለሚቃጠል ጠርዙ ይጠቁራል፣ መተርተሩም አይቀርለትም። ኃይሉን ቀንሰው ፍጥነቱን ይጨምሩ፤ ወደ መቁረጫው የሚነፍሰውን አየርም አይዝጉ። የሚቀረው ቡናማ መስመር በስፌቱ ውስጥ ስለሚታጠፍ ብዙም አያሳስብዎ። ለነጭ ሸማ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ አሁንም መቀስን እመርጣለሁ።

መልስ 2፦
ፖሊስተርን ደራርበው አይቁረጡ፤ የቀለጡት ጠርዞች እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ፒቪሲ ከተባለው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ሰው ሠራሽ ቆዳ ፈጽሞ ወደ ማሽኑ አያስገቡ፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ለዝገት ይዳርጋል። ጥጥ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝም ማሽኑ እየሠራ ትተውት አይውጡ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ፤ ነገ በቁራጭ ጨርቅ እሞክረዋለሁ።