ከፋሲካ ወዲህ ቪጎዬ ነጭ ጭስ እየተፋች አስቸገረችኝ፤ ሦስተኛ ጠርሙስ አዲቲቭ ልጨምር?

ወተት በጠዋት (ሱሉልታ)

ጤና ይስጥልኝ። ከጫንጮ ገበሬዎች ወተት ሰብስቤ አዲሱ ገበያ አካባቢ ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ። መኪናዬ ሂሉክስ ቪጎ ናት፣ ባለ 2.5 ናፍጣ፣ 2ኬዲ የሚሉት ሞተር፣ በፈረንጅ የ2009 ሞዴል። የምነዳት ራሴ ነኝ። «ሾፌሩን ላኪልን» የሚል መልስ ጋራዥ ውስጥ ጠግቤዋለሁና እዚህ አትድገሙብኝ።

በሁዳዴ ወተት እንደማይሄድ ታውቃላችሁ። ካፌዎቹ ለማኪያቶ እንኳ ከትንሽ በላይ አያዙም፤ ለዚያች ትንሽ ብዬ ናፍጣ አላቃጥልም። 55ቱን ቀን በታናሽ ወንድሜ ባጃጅ አደረስኩና ቪጎዋ ታንከሯ ግማሽ ላይ እንዳለ ግቢ ውስጥ ቆመች። ከመቆሟ በፊት ደግሞ ነዳጅ ጠፍቶ ሰልፉ አላስጠጋ ሲለኝ ከመንገድ ዳር ሁለት ጀሪካን ገዝቼ ሞልቼባታለሁ። እሱን አልደብቅም።

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሳስነሳት ሦስት አራት ጊዜ ካልታገልኩ እሺ አትልም። ስትነሳ ግቢው በነጭ ጭስ ይሸፈናል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሞተሩም ቆርቆሮ በመዶሻ እንደሚመታ ይንኳኳል። ከሞቀች በኋላ ይቀንስላታል። ጭነቱን አራግፌ ባዶ ጋን ይዤ ስመለስ ግን የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ አትወጣውም፣ ሁለተኛ ትለምናለች።

መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ የኢንጀክተር (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዕቃ) ማጽጃ፣ ናፍጣው ላይ የሚጨመር አዲቲቭ ሰጠኝ፣ አንዱ ጠርሙስ 1,200 ብር። ሁለቱን ጨርሻለሁ። በመጀመሪያው ትንሽ ለዘብ ያለች መስሎኝ ነበር። ምናልባት ገንዘቡን ካወጣሁ ወዲያ ጆሮዬ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይሆናል። ሦስተኛው እጄ ላይ አለ። አንድ መካኒክ ደግሞ «አራቱንም ኢንጀክተር ቀይሪ» አለኝ፤ የጠራው ዋጋ አንድ የምትታለብ ላም ይገዛል። ምን ትሉኛላችሁ?

ፖምፓ ሠሪው (ዓለም ገና)

እህቴ፣ ሦስተኛውን ጠርሙስ አትክፈቺው። ላሟንም አትሽጪ።

ስለ ናፍጣ ፊልትሮ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ዛሬውኑ የምትሠሪውን ልንገርሽ። ፊልትሮው ሥር የውሃ ማፍሰሻ አለ። እሱን አላልተሽ ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፕ እየተጫንሽ ግማሽ ሊትር ያህል በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውርጂ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ሳትነኪው አስቀምጪው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ መስመሩ በዓይን ይለያል። የሱሉልታ ቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ግማሽ ባዶ የሆነን ታንከር ከውስጥ እንደሚያልበው አውቃለሁ። እኔ ግን ከላቡ ይልቅ የምጠረጥረው ጀሪካኖቹን ነው።

የድሮዎቹ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች ብዙ በደል ይችሉ ነበር። ያንቺው ኮመን ሬይል ነው፤ ናፍጣው ሬይል በሚባል አንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በግፊት ተጠራቅሞ ነው ለአራቱም ኢንጀክተር የሚከፋፈለው። ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ ተጨምቆ ነው የሚረጨው። ኢንጀክተሩ ውስጥ በሚንቀሳቀሱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ነው፤ አንድ የራስ ፀጉርሽ ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። እዚያ ውስጥ ሌላ ዘይት የለም፣ የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው። ውሃ ሲገባ ልስላሴው ይጠፋል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ይበላል።

ማጽጃው ውሸት ነው አልልም። አፉ ላይ የተጋገረ ካርቦን ካለ ቀስ እያለ ያነሳል፣ ያውም በሁለት ሦስት ታንከር። የተበላ ብረት ግን አይሞላም። ታንከር ሥር የተኛ ውሃም ካለ ማጽጃ አያወጣውም፣ መፍሰስ አለበት።

አራቱንም ከመቀየርሽ በፊት የመመለሻ ሙከራ አሠሪ። የአራቱ ኢንጀክተሮች መመለሻ፣ ማለትም ሳይረጭ ወደኋላ የሚመለሰው ናፍጣ፣ ለየብቻ በቱቦ ወደ አራት እኩል ጠርሙስ ይገባል፣ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል። ከሌሎቹ በጣም አብልጦ የሚመልሰው ጥፋተኛው እሱ ነው። ጠዋት የምታስቸግርሽም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ወደኋላ የሚያመልጠው ሲበዛ ሬይሉ ለመነሻ የሚበቃ ግፊት አይዝም።

ዲማክስ (ለገጣፎ)

ጋሼ ፖምፓ በአዲቲቭ ላይ ጨከኑበት። እኔ ለ200 ሊትር ናፍጣ አንድ ሊትር የሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ዘይት እጨምራለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኢንጀክተር አልተነካም፣ ድምፁም ጸጥ ያለ ነው። ሰንዳፋ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ በብርድ ጊዜ ትንሽ ቤንዚን ጣል ያደርጋል፣ ቶሎ ትነሳለች ይላል።

ፖምፓ ሠሪው (ዓለም ገና)

ዲማክስ ወንድሜ፣ ዘይቱ ልስላሴ እንደሚጨምር አልክድህም። ግን ስድስት ዓመት ያዳነህ ዘይቱ ይሁን ወይስ ፊልትሮህን በጊዜው መቀየርህ በምን ለየኸው? ጓደኛህን ግን ዛሬውኑ ደውልለት። ቤንዚን ናፍጣውን ያቀጥነዋል፣ ልስላሴውን ይወስዳል። መጀመሪያ የሚበላው ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠውን ፖምፕ ነው። የፖምፑ ብረት ሲላጥ ደግሞ ብናኙ በሬይሉ አልፎ አራቱም ኢንጀክተር ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ታንከሩን ሁሉ አውርዶ ማጠብ ነው። ብርድ ሲሆን የሚታየው ካንዴሌታውና (ሞተሩን ለመነሻ የሚያሞቀው) ባትሪው ነው።

ባለ ፒክአፕ (ዱከም)

እኔ በገንዘቤ የተማርኩትን ልንገርሽ እህቴ። አምና ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል» ተብዬ ሁለት ኢንጀክተር ገዛሁ፣ ካርቶኑ ያምራል። መካኒኩ ገጠመና ሸኘኝ። መኪናዋ ስትቆም እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች። ለካ እያንዳንዱ ኢንጀክተር አናቱ ላይ የራሱ ኮድ ተጽፎበታል፣ ያ ኮድ በኮምፒውተር ወደ መኪናዋ አእምሮ መግባት ነበረበት። የእኔዎቹ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ኮድ ነበር የታተመው! ኮፒ መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ሌላው፣ ኢንጀክተር በተነቀለ ቁጥር ከሥሩ ያለችው የመዳብ ዋሸር አዲስ ትሁን። «ይቺ ገና ናት» ቢሉሽ እንዳትሰሚ።

ፖምፓ ሠሪው (ዓለም ገና)

ስለ ዋሸሯ ባለ ዱከም ልክ ነው። በእነዚህ ኬዲ ሞተሮች ላይ እሷ ካሾለከች የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ዘይቱን ያጠቁረዋል። ካርቦኑ ካርተር (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይዘጋል፣ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው። የስንት ሰው ሞተር በአንዲት ቀለበት ሄዷል።

ወተት በጠዋት (ሱሉልታ)

ተመለስኩ፣ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የፊልትሮውን ውሃ በጠርሙስ አወረድኩ። ሁለት ጣት ሙሉ ውሃ! ከመካከሉ ደግሞ ቡናማ ነገር ይንሳፈፋል። ፎቶ አንስቼ ለዚያ ላም ሊያሸጠኝ ለነበረው መካኒክ ላክሁለት፣ እስካሁን መልስ የለም። ታንከሩን ስናወርደው ሥሩ የጠላ አተላ ይመስላል። አጥበን ፊልትሮ ቀየርን።

ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ የመመለሻ ሙከራውን አንድ ፖምፓ ቤት አሠራሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ጠርሙስ ተቀራራቢ ናቸው፣ ሦስተኛው ከእነሱ ከእጥፍ በላይ መለሰ። ሠራተኛው ጠርሙሶቹን ደርድሮ «ይኸውልሽ» ሲለኝ እንደ ወተት መለኪያዬ ነው የታየኝ፤ ውሃ የቀላቀለውን ገበሬ በዓይኔ እንደምለየው ማለት ነው። ሦስተኛው ሲነቀል ዋሸሩ ዙሪያ ጥቁር ካርቦን ነበር። ካርተሩ ወርዶ ወንፊቱ ታየ፣ ገና አልተዘጋም፣ ተመስገን። አንድ ኢንጀክተር፣ አራት ዋሸር፣ አዲስ ዘይት፤ ኮዱን ሲያስገባ አጠገቡ ቆሜ ቁጥሩን እኔው አነበብኩለት።

አሁን ሌሊት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ ጎረቤቴ እማማም «ልጄ፣ መኪናሽን ሸጥሽው እንዴ? ድምፁ ጠፋብኝ» አሉኝ። ሦስተኛውን ጠርሙስ ልመልስ ብል ልጁ ብር አልመልስም አለ፣ በዝናብ መጥረጊያ ለወጠኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዳገቱ ላይ ስረግጣት ትንሽ ጥቁር ጭስ አሁንም አለ።

ፖምፓ ሠሪው (ዓለም ገና)

ጎበዝ። ጥቁሩ ሌላ ነው። ነጩ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነበር፣ ጥቁሩ አየር ያነሰው ቃጠሎ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦው የሚችለውን ያህል ነው የሚያካክሰው። የአየር ፊልትሮሽን አውጥተሽ ለፀሐይ ያዢው፣ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሪው። ቀጥሎ ከቱርቦ የሚወጣው ላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታይ።

ወተት በጠዋት (ሱሉልታ)

እሺ ጋሼ። ነገ ከወተት መልስ አየዋለሁ።