ኦንላይን የገዛሁትን ሚክሰር ልመልስ ስል “20 በመቶ እንቆርጣለን” አሉኝ፤ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ ኬክ ጋጋሪዋ (ሐዋሳ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው የምኖረው። ቤቴ ሆኜ ለልደትና ለክርስትና ኬክ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። ትእዛዝ ሲበዛብኝ ከአንድ የአዲስ አበባ የቴሌግራም ሱቅ ሚክሰር አዘዝኩ። ፖስቱ “7 ሊትር፣ 1200 ዋት፣ ኦሪጅናል” ይላል። ዋጋው 18,500 ብር። ሙሉውን በሞባይል ባንኪንግ አስገባሁ። በመኪና ላኩልኝ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። የመኪናውንም የከፈልኩት እኔው ነኝ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ሳህኑ ሥር “5 ሊትር” ይላል። ሊጥ አስገብቼ ሞከርኩት፤ ትንሽ ጠንከር ሲልበት ያቃስታል፣ ሞተሩም ይግላል። ለሻጩ ስጽፍለት “ያው ነው እህቴ፣ ሁሉም 7 ሊትር ብለው ነው የሚሸጡት” አለኝ። አልፈልገውም፣ ብሬን መልስልኝ አልኩት። እሱም “መላክ ትችያለሽ፤ ግን ካርቶኑ ስለተከፈተ 20 በመቶ እንቆርጣለን፣ መላኪያውም በራስሽ ነው” አለ። ይሄ 3,700 ብር ነው! ስገዛ ስለሚቆረጥ ብር ማንም ምንም አላለኝም። አሁን ግን ቻናሉ ላይ “የተሸጠ እቃ አይመለስም፣ ከተመለሰም 20% ይቆረጣል” የሚል ተለጥፏል።

ደረሰኝ አልሰጠኝም። እቃው ከደረሰኝ ገና ሳምንት አልሞላም። ይሄን ብር መቁረጥ ይችላል? የትስ ነው የምከሰው? የምታውቁ እባካችሁ።

የታቦር ልጅ፦

እህቴ፣ ካርቶን ከተከፈተ አለቀ። ፒያሳም ብትገዢ ግድግዳው ላይ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” ብለው ለጥፈዋል። እንደ እኔ 14,800ውን ተቀብለሽ ተገላገይ። ጭራሽ ብሎክ ቢያደርግሽስ?

ሕግ አንባቢ፦

የታቦር ልጅ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሕግ አይደለም። በዚህ ምክንያት ስንቱ ብሩን ጥሎ እንደሚሄድ ሳስብ ያናድደኛል።

ኬክ ጋጋሪዋ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። እቃው እንደተባለው ሆኖ ሳለ “ሐሳቤን ቀየርኩ፣ ቀለሙ አላማረኝም” ብለሽ የምትመልሺ ከሆነ ነገሩ በስምምነታችሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ሻጩ አልቀበልም ሊል ይችላል፣ ቀድሞ የነገረሽን ተቆራጭም ሊጠይቅ ይችላል። ያንቺ ጉዳይ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። 7 ሊትር ተብሎ 5 ሊትር መጣ። ይሄ የተሳሳተ ማስታወቂያ ነው፣ እቃውም ጉድለት አለበት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው እቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሰው ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። “የከፈለው” ነው የሚመለሰው፤ ሰማንያ በመቶው አይደለም። ስለዚህ 15 ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቂ። በስልክ ብቻ ተነጋግረሽ አትቅሪ። በስልክ የተባለውን ማን ይመሰክርልሻል?

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አለ። ገዥ እቃውን እንደተረከበ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት ይላል። አንቺ ይሄን አድርገሻል። ስለ ካርቶኑ ደግሞ፣ ሳይከፈት ሳህኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ እንዴት ይታወቃል? መመርመር መብትሽ ብቻ ሳይሆን ከአንቺ የሚጠበቅ ነገር ነው። አንዴ ሊጥ አስገብተሽ መሞከርሽ ያንን መብት አያሳጣሽም።

20 በመቶውም ቢሆን ውል የሚያስረው የተስማሙበትን ሰው ነው። ብሩን ከተቀበለ በኋላ የለጠፈው ነገር አንቺ ስትገዢ የውሉ አካል አልነበረም።

ሻጭ ነኝ (አዳማ)፦

እኔም ኦንላይን ነው የምሸጠው፤ ልብስና የቤት ዕቃ። የሻጩንም ወገን ስሙ። ቀሚስ አዝዛ፣ ሠርግ ላይ ለብሳ፣ በማግስቱ “ጠበበኝ” ብላ የምትመልስ አለች። ሽቶው እኮ ይሸታል! የተከፈተ እቃ በአዲስ ዋጋ አይሸጥም። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን የመመለሻ ተቆራጭ ያስገባነው። እኔ 10 በመቶ ነው የምቆርጠው፤ ያውም ሰው ብር ሳያስገባ በፊት ጽፌ እልካለሁ፣ “እሺ” እስኪለኝ እጠብቃለሁ።

የዚህ ሰው ግን አይን ያወጣ ነው። ራሱ የተሳሳተ እቃ ልኮ ካርቶን ተከፈተ ብሎ ይቆርጣል? እኔ ጋ እንዲህ ቢፈጠር የመልስ መላኪያውንም የምከፍለው እኔ ነኝ። ደግሞ እውነት ለመናገር፣ ሚክሰር ላይ የሊትርና የዋት ቁጥር ማጋነን የተለመደ ነው። አስመጪው የነገረውን ሳያይ የሚለጥፍ ሻጭ ብዙ ነው። ምናልባት እሱም ተታሎ ይሆናል። ቢሆንም እዳው ያንቺ አይደለም፤ እሱ አስመጪውን ይጠይቅ።

ኬክ ጋጋሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ፦ ብሩን ያስገባሁት በሱቁ ስም ሳይሆን በግለሰብ አካውንት ነው። ደረሰኝም የለኝም። ይሄ አይጎዳኝም?

ሕግ አንባቢ፦

ደረሰኝ መስጠት የሻጩ ግዴታ ነው። አለመስጠቱ እሱን ያስጠይቀዋል እንጂ ያንቺን መብት አያጠፋም። ማረጋገጫ ግን ያስፈልግሻል። የባንክ ዝውውሩ ላይ የተቀባዩ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑና የግብይት ቁጥሩ አለ። ቻቱ ላይ ደግሞ ምን እንደተባባላችሁ አለ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሽያጩን ያሳያሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ መልእክት በዚያ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። “ቴሌግራም ላይ ነው የተጻፈው፣ ማስረጃ አይሆንም” የሚልሽ ካለ አትስሚው።

የግለሰብ አካውንቱ የሚያሳስበኝ በሌላ በኩል ነው። ንግድ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። አሁን ሳትጣሉ፣ በደህና ቃል፣ የንግድ ስሙን፣ የቲን ቁጥሩንና የሱቁን አድራሻ ጠይቂው። “ደረሰኝ ስለሚያስፈልገኝ ነው” በይ። ቁጥሩ ከተገኘ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኦንላይን ሲስተም ፈቃዱን ማየት ይቻላል።

ሞባይል ጠጋኝ፦

ሕጉን ለባለሙያው ትቼ ስለ ቴሌግራም ልናገር። ይሄን ዛሬውኑ አድርጊ፤ ነገ አትበይ።

ቴሌግራም ላይ ሻጩ የተጻጻፋችሁትን ካንቺም ስልክ ላይ ጭምር ሊያጠፋው ይችላል። አንድ ቀን ስትከፍቺው ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የቻናሉን ፖስትም ገብቶ ሊያስተካክለው ይችላል፤ “7”ን ወደ “5” መቀየር ቀላል ነው። ስለዚህ ፖስቱን ወደ ራስሽ “ሴቭድ ሜሴጅ” ፎርዋርድ አድርጊው። ዋናው ቢቀየርም ፎርዋርድ የተደረገው አይቀየርም። ከዛ ስክሪንሾት አንሺ፤ የቻናሉ ስምና ቀኑ አብረው ይታዩ። ስክሪን ሪከርድ ከከፈትሽ ደግሞ ከፖስቱ ጀምረሽ ወደ ቻቱ እስክትገቢ ቅጂው፣ ተቆራርጦ የተሠራ እንዳይባል። ኮምፒውተር ካለሽ የዴስክቶፑ ቴሌግራም ላይ ቻቱን በሙሉ ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል።

የእቃውንም ቪዲዮ አንሺ። ሳህኑ ሥር ያለው ጽሑፍ፣ ሞተሩ ላይ የተለጠፈው የዋት ቁጥር፣ ሲሪያሉ። ዋቱን አይተሽዋል? ፖስቱ 1200 ነው ያለው።

ኬክ ጋጋሪዋ፦

ኧረ አሁን ገለበጥኩት። 800 ዋት ይላል!

ሞባይል ጠጋኝ፦

በቃ፣ ሁለተኛ ማስረጃ አገኘሽ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የሚግለው።

የአረብ ሰፈሯ፦

ውጭ ያለችው እህቴ እንግሊዝ አገር ኦንላይን ስትገዛ ያለ ምንም ምክንያት ትመልሳለች። እዚህ ለምን አይሆንም? 14 ቀን አለ አይደል እንዴ?

ከለንደን፦

እሱ የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ አገር ቤት ላይ እንዳትከራከሪበት፣ ይስቁብሻል። በ2013 በወጣው የእንግሊዝ ደንብ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ኦንላይን የገዛ ሰው እቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መሰረዝ ይችላል። ልዩ ትእዛዝ ተሰጥቶ የተሠራ እቃና የመሳሰለው አይካተትም። ሻጩ እንዲሁ በመቶኛ የመመለሻ ክፍያ ማስከፈል አይችልም። እቃውን ከሙከራ ባለፈ ተጠቅመሽበት ዋጋው ከወረደ ግን ያን ያህል ሊቀንስብሽ ይችላል። የመልስ ፖስታውንም ቀድሞ ካሳወቀሽ አንቺ ትከፍያለሽ። አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው። ኦንላይን ለተገዛ እቃ ሻጩ እንዲመልስ የሚያስገድድ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም፤ ከሱቅ ሱቅ፣ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ይሄን የምለው ቲክቶክ ላይ “ሸማች በ14 ቀን የመመለስ መብት አለው” የሚል ቪዲዮ አይተው ሐዋሳ ላይ የሚከራከሩ ስላሉ ነው። አገር ቤት የምትይዢው ጉድለቱንና የተሳሳተ ማስታወቂያውን ነው።

ቢሮ የምሠራ፦

አቤቱታ የት ነው ላልሽው፦ መጀመሪያ ሐዋሳ ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የሸማቾች ጥበቃ ክፍሉን ጠይቂ። ሻጩ አዲስ አበባ ስለሆነ “ፈቃድ ወዳወጣበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ” ሊሉሽ ይችላሉ። እዛ ዘመድ ካለሽ ወክለሽ ማስገባት ይቻላል። በፌዴራል ደረጃ የሸማቾች ጥበቃ ድሮ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ነበረው፤ በ2014 ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል። ሰው አሁንም የድሮውን መሥሪያ ቤት እየፈለገ ይንከራተታል።

ስትሄጂ ወሬ ሳይሆን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። አንድ ገጽ አቤቱታ፣ የፖስቱ ፎቶ፣ የባንክ ማረጋገጫ፣ የእቃው ፎቶ፣ የምትጠይቂው ብር በቁጥር። “በደል ተፈጸመብኝ” ብቻ የሚል ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፤ አይቼዋለሁ።

ከዛ በፊት ግን ይሄን ጻፊለት፦ “ያስተዋወቁት ሚክሰር 7 ሊትርና 1200 ዋት ነው። የደረሰኝ 5 ሊትርና 800 ዋት ነው። በአዋጅ 813/2006 መሠረት የከፈልኩት 18,500 ብር እንዲመለስልኝ፣ የመመለሻ መላኪያውን እርስዎ እንዲሸፍኑ እጠይቃለሁ። ስለ 20 በመቶ ተቆራጭ ስገዛ አልተነገረኝም፣ አልተስማማሁበትም። እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ለንግድ ቢሮ አመለክታለሁ።” ስድብ የለ፣ ዛቻ የለ። ቀን መቁረጡ ነው ዋናው።

የታቦር ልጅ፦

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ባንኩ ብሩን መልሶ አይወስድላትም እንዴ?

ቢሮ የምሠራ፦

ራሷ ፈቅዳ ያስተላለፈችውን ብር ባንኩ ላኪ ስለጠየቀ ብቻ ከተቀባዩ አካውንት አያነሳም። ጭራሽ እቃ ሳይልክ የጠፋ አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ለባንኩም ለፖሊስም ማሳወቅ ነበር። ይሄኛው እቃ ልኳል፣ መልስም ይሰጣል፤ ክርክሩ የንግድ ነው።

ኬክ ጋጋሪዋ፦

ወገኖች፣ መልእክቱን እንዳለ ላኩት። ከ800 ዋቱ ፎቶ ጋር። መጀመሪያ አይቶ ዝም አለ። ማታ ላይ ደወለ፤ “በጽሑፍ ንገረኝ” አልኩትና ጻፈ። 20 በመቶውን ትቶታል። ሙሉ 18,500 እመልሳለሁ፣ መላኪያውን ግን እኩል እንካፈል አለ። እቃው ሲደርሰው ነው ብሩን የሚልከው። ልቀበል? መላኪያው ላይ መጨቃጨቁ ሰልችቶኛል።

ሕግ አንባቢ፦

መላኪያውም የሱ ነው፤ ግን ግማሽ መላኪያ ብለሽ የሥራ ቀን ከምታቃጥይ መቀበሉ ያዋጣሻል። ውሳኔው ያንቺ ነው። ብቻ “እቃው በደረሰ በዚህ ቀን ውስጥ 18,500 ብር አስገባለሁ” የሚል ቃል አስጽፊው። “ሲደርሰኝ” ብቻ ልቅ ነው።

ሻጭ ነኝ (አዳማ)፦

ስትልኪው ደግሞ መምቻዎቹንም ሽፋኑንም አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ሁሉንም በካርቶኑ አስገቢ። አንድ ነገር ከጎደለ ለመቁረጥ ሰበብ ያገኛል። ስታሽጊ ቪዲዮ አንሺ። መናኸሪያ ለመኪና ስትሰጪ የታርጋውን ቁጥርና የረዳቱን ስልክ ያዢ፣ ወዲያው ለሻጩ ላኪለት። የሚቻል ከሆነ ደረሰኝ በሚሰጥ የእቃ መላኪያ ቢሮ በኩል ይሁን። ትንሽ ይወደዳል፤ ግን “አልደረሰኝም” ማለት አይችልም።

ኬክ ጋጋሪዋ፦

እሺ፣ ነገ ጠዋት በመላኪያ ቢሮ እልከዋለሁ። ቀኑንም አጽፌዋለሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ብሏል። ለቅዳሜው ክርስትና ሚክሰር የምታከራይ ወይም የምታውሰኝ ሐዋሳ ያለች እህት ካለች በውስጥ ጻፊልኝ።