የቢራ ብቅል ለማጠብ ምን ዕቃ ልግዛ? ኩለር፣ ከረጢት ወይስ ሙሉ ማሽን

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነኝ። ከብቅል ሽሮፕ ወጥቼ 5 ጋሎን ቢራ ከእህሉ ልጠምቅ ነው። 4.5 ኪሎ የተፈጨ የገብስ ብቅል አለኝ፤ 1 ኪሎውን በጤፍ ልተካ አስቤያለሁ። ለስፓርጁ፣ ማለትም ስኳሩን ከብቅሉ በሙቅ ውሃ አጥቦ ለማውጣት፣ የቱ ዕቃ ይሻላል? በጀቴ አነስተኛ ነው።

ጥቆማ 1፦ ኩለር ግዛ ወንድሜ። 10 ጋሎን የሚይዘው ክቡ የውሃ ኩለር፣ ኢግሉም ይሁን ሌላ፣ ይበቃሃል። የፕላስቲክ ቧንቧውን በብረት ቫልቭ ተካውና ከውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የማይዝግ ብረት ወለል አስገባ።

መጀመሪያ ኩለሩን በፈላ ውሃ አሙቀህ ድፋው። 73 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ 13.5 ሊትር ውሃ ጨምርና ጓል እንዳይሠራ እያማሰልክ ብቅሉን ነስንስ፤ 67 አካባቢ ይረጋል። ከድነህ 60 ደቂቃ ተወው። ከዚያ ቫልቩን ሩብ ያህል ብቻ ክፈት። የመጀመሪያውን 3 ሊትር በጆግ እየተቀበልክ ከላይ በቀስታ መልሰው፤ ገለባውና ዱቄቱ ጠፍቶ ሲጠራ ወደ ድስቱ ልቀቀው። አንድ ኪሎ ብቅል 1 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀር 9 ሊትር ገደማ ታገኛለህ።

አሁን ቫልቩን ዝጋና 80 ዲግሪ የሆነ 15 ሊትር ውሃ ጨምር፤ ብቅሉ ሲያቀዘቅዘው 76 ላይ ይቆማል። ከታች እስከ ላይ በደንብ አማስል፤ ካላማሰልከው ስኳሩ ብቅሉ ውስጥ ይቀራል። 10 ደቂቃ አቆይ፣ እንደገና እያጠራህ ልቀቅ። በጠቅላላ 24 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ሲፈላ ወደ 20 ይወርዳል።

ከጠላ ጋር ግን እንዳይምታታብህ። እዚያ ውሃ የሚሞላው ድፍድፉ ከተብላላ በኋላ ነው፤ እዚህ እርሾ ሳይነካው ነው።

ጥቆማ 2፦ ገንዘብ ካጠረ 10 ጋሎን ድስትና የናይለን ከረጢት ይበቃል። 27 ሊትሩን ውሃ በአንዴ 70 ዲግሪ ላይ ታደርስና ብቅሉን በከረጢቱ ትዘፈዝፈዋለህ፤ ማጠብ የለም። ስኳሩ ትንሽ ስለሚቀንስ 300 ግራም ብቅል ጨምር። እሳት ላይ እያለ ከረጢቱ የድስቱን ታች ከነካ ይቀልጣል፤ ከስር የብረት ማስቀመጫ አድርግ።

ጥቆማ 3፦ ውሃ የሚረጭ ክንድ ያለውን ዕቃ ለጊዜው ተወው። እሱ ውሃውን ከላይ በዝግታ እያፈሰሰ ከታች በዚያው ልክ ይለቃል፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ በደቂቃ ውስጥ ከሞላብህ ፈጥነሃል፤ ውሃው ብቅሉ መሃል ቦይ ይከፍትና ሌላውን ሳያጥብ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ወደ 20 ዲግሪ አቀዝቅዘህ በሃይድሮሜትር (የስኳሩን መጠን በሚያሳየው መለኪያ) ለካ፤ 1.010 ሲደርስ አቁም። ከዚያ ካለፍክ ወይም ውሃው በጣም ከሞቀ፣ ፒኤቹም (የአሲድነት ልኩ) ከ5.8 በላይ ከወጣ፣ የገለባው ታኒን ይወጣና ቢራው ከረጢቱ ሳይወጣለት እንደቆየ ሻይ ምላስ ይይዛል። እንደ ግሬንፋዘር ያለ ሙሉ ማሽን ጥሩ ነው፤ ግን ስፓርጁን በእጅህ ነው የምታፈሰው፣ ለዚያ ብቻ ብለህ አትግዛ።

ጥቆማ 4፦ ስለ ጤፉ ማንም አልነገረህም። ብቅሉን የሚያጠልለው የገብሱ ገለባ ነው፤ ጤፍ ገለባ የለውም፣ ደቃቅ ነው፣ ወለሉን ይደፍነዋል። ስታርቹም የሚላላው ከ68 ዲግሪ በላይ ስለሆነ አስቀድሞ እንደ አጥሚት ይቀቀል፤ ወደ ኩለሩ ስትጨምረው ሙቀቱን ከፍ ስለሚያደርገው የመጀመሪያውን ውሃ ቀንስለት። ከሆምብሩ (የቤት ጠመቃ ዕቃ) ሱቅ የሩዝ ገለባ ግዛና 400 ግራም ያህል አጥበህ ቀላቅል። ፍሰቱ ከቆመ ቫልቩን የበለጠ አትክፈት፤ ብቅሉ ይበልጥ ይጠቀጠቃል። ዝጋ፣ አማስል፣ 10 ደቂቃ አሳርፍ፣ እንደገና እያጠራህ ጀምር። ሌላ ጊዜ ብቅል ስታስፈጭም ወፍጮውን 1 ሚሊሜትር ላይ ያድርጉልህ።

ጠያቂው፦ ከረጢቱን ኩለሩ ውስጥ ባስገባውስ?

ጥቆማ 1፦ ይሠራል፤ የብረት ወለሉን ወጪ ያስቀርልሃል። የሩዙን ገለባ ግን አትተው፣ ጤፉ ከረጢቱንም ይደፍናል።