ከጅማ ወደ ሞቼና ቦራጎ ዋሻ፦ የመኪና፣ የድንኳን፣ የምንጣፍና የቡና ጥቆማ

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ እየደረሰኝ ነው። «አራት ጓደኛሞች ነን። ከጅማ ተነስተን የእሳተ ገሞራ ዋሻ አይተን፣ አንድ ሁለት ሌሊት በድንኳን አድረን መመለስ አማረን። የት እንሂድ? ዕቃውንስ ከየት እናግኝ?» ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ እዚሁ ላስቀምጠው። ባለፈው ኅዳር ሄጄ ስለነበር ያጠፋሁትንም አልደብቅም።

መጀመሪያ ቦታው። ዋሻ ሲባል ሁሉም ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት ሶፍ ዑመር ነው። እውነትም ድንቅ ነው፤ ወይብ ወንዝ ቦርቡሮት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ግን ያለው ባሌ ነው፤ ከጅማ ሲነሱ አገር ማቋረጥ ማለት ነው። ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው፣ የውኃ ሥራ እንጂ የእሳት አይደለም። ፈንታሌን ያነሳችሁም አላችሁ። ፈንታሌ አዋሽ ፓርክ አጠገብ ያለ እሳተ ገሞራ ነው፣ ከፍታው 2,007 ሜትር። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. አካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ፣ ሕዝቡ ቀዬውን ጥሎ ሲወጣ አይተናል። እኔ ለጊዜው እዚያ ካስማ አልመታም።

የኔ ጥቆማ ሞቼና ቦራጎ ነው። ወላይታ ውስጥ፣ በዳሞታ ተራራ ምዕራባዊ ጎን ይገኛል። ዳሞታ የተኛ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጫፉ 2,900 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ዋሻው ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጅማ በጭዳ በኩል ዳውሮን አቋርጦ ወላይታ ሶዶ የሚያደርሰው መንገድ ስላለ አዲስ አበባን መዞር አያስፈልግም። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

እንዳትሸወዱ አንድ ነገር ልበል። በባትሪ ጨለማ ውስጥ እየተሽሎከለኩ መግባት የሚያምራችሁ ከሆነ ይሄኛው አይሆናችሁም። አፉ ሰፊ ነው፣ 70 ሜትር ያህል። ወደ ውስጥ ግን 20 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግዙፍ በረንዳ በሉት። በዝናብ ወራት ከላይ ፏፏቴ ይወርድበታል። የሚገርመው ነገር ያለው ከመሬቱ ሥር ነው። አጥኚዎች አፈሩን እየገለጡ ሲወርዱ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር የተነባበረ፣ 50,000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ የሰው ኑሮ ምልክት አግኝተዋል። ከባልጩት የተሠሩ ስለታም መሣሪያዎች በብዛት ወጥተዋል። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሰው ከዝናብና ከብርድ የሚጠለልበት ቦታ መምረጥ ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል፤ እኔ ግን አላውቅበትም ነበር። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ስለ መኪና። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ መገኘት አለባችሁ። ቀጥታ የሶዶ ካጣችሁ ጭዳ፣ ከዚያ ተርጫ እያላችሁ እየቆረጣችሁ ትሄዳላችሁ። ርካሽ ነው፣ ጓዝ ለበዛበት ሰው ግን መከራ ነው። ድንኳኔን ፖርቶ መጋላ ላይ ከበግ ጋር ጭነውብኝ ያውቃሉ። ሁለተኛው ሚኒባስ ወይም ፒክ አፕ በኮንትራት መያዝ ነው። አራት አምስት ከሆናችሁ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ሦስተኛው የግል መኪና ነው፤ ያለው ሰው ምክር አይፈልግም። ስኮርታና ክሪኩን ብቻ ይፈትሽ። መንገዱ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወርድ ጥምዝምዙ ብዙ ነው። ቆላው ይሞቃል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ደጋ ትወጣላችሁ። በየትኛውም ብትሄዱ አንዱን ቀን ለመንገድ ስጡት።

ኮንትራት ስትይዙ ቃል በቃል ተነጋገሩ። ነዳጁ በማን ነው? መኪናው ቆሞ ለሚያድርበት ቀን ይከፈላል ወይ? የሾፌሩ ምኝታና ምግብስ? እኔ «እንግባባለን» ብዬ ወጣሁ። ሶዶ ስንደርስ አበል የሚባል ነገር ብቅ አለ። ሰውየው መጥፎ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መስመር የመጣ ሾፌር ስለ መንገዱ ጠይቁ። ከሱ የተሻለ መረጃ የትም የለም።

ወደ ድንኳን። ጅማ ውስጥ «ድንኳን ይከራያል» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ደስ እንዳይላችሁ። የሠርግና የለቅሶ ነው። ከነወንበሩ ይዛችሁት ዳሞታ ልትወጡ ካልሆነ በስተቀር አይጠቅማችሁም። ትንሿን የጉዞ ድንኳን የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ በሰው በሰው ነው የሚገኙት። ከተከራያችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉና በባልዲ ውኃ ድፉበት። የኔ የኪራይ ድንኳን በመጀመሪያው ሌሊት በስፌቱ በኩል አንጠባጠበ። አከራዩ «እኔ ጋ ሲመጣ ደህና ነበር» አለ። ተከራክሮ ማሸነፍ የለም። ሌላው አማራጭ ጥሩ ሸራ ከገመድ ጋር ገዝቶ ከድንኳኑ በላይ መወጠር ነው። ከጅማው ሂርማታ ገበያ የገዛሁት ሸራ ከድንኳኑ ይልቅ ጠቅሞኛል። ዕቃ ለማማረጥ የሐሙስ ገበያ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ገንዘባችሁን ለድንኳኑ አትጨርሱት። ለምንጣፍ አስቀሩ። ብርዱ የሚመጣው ከላይ ይመስለናል እንጂ አጥንት የሚበላው ከታች የሚወጣው ነው። እኔ ባለብዙ ብር ስሊፒንግ ባግ ተውሼ፣ ከሥሩ አንዲት ሰሌን ብቻ አንጥፌ ተኛሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ ጫማዬን አድርጌ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የተኛው ጓደኛዬ ያንኮራፋል። እሱ ምን እንዳነጠፈ ስነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ የቡና ጆንያ! ከታች ላስቲክ፣ ከላዩ አራት ጆንያ ደራርቦ፣ ከዚያ ቀጭን ስፖንጅ። የጅማ ልጅ ሆኜ ጆንያ ሳላስብ መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ሰሌን ቆንጆ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ብርድ አያቆምም። ስፖንጅ ብቻውን ከሆነ እርጥበት ይጠጣል። ጆንያው ነው ሥራውን የሚሠራው፣ ላስቲኩ ደግሞ ጆንያውን ያድናል።

የላዩስ? ስሊፒንግ ባግ ከሌላችሁ ቡልኮ ያዙ። በእጅ የተሸመነው ወፍራሙ ማለቴ ነው። ይከብዳል፣ ለእግር ጉዞ አይሆንም፤ መኪና ካላችሁ ግን ከየትኛውም የፋብሪካ ብርድ ልብስ አስበልጠዋለሁ። ጋቢ ደራርቤ እተኛለሁ ያለች እህት ነበረች። ሁለት ጋቢ ለእሳት ዳር ወግ እንጂ ለዚያ ከፍታ ሌሊት አይበቃም።

መብራት ላይ አላስረዝምም። የግንባር ባትሪ ያዙ፣ እጃችሁ ነጻ ይሆናል። ቤት መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምባት ቻርጅ የምትደረገዋ መብራት ለድንኳን ውስጥ በቂ ናት። የስልክ መብራት አትመኑ።

ምግብ ላይ ግን ብዙ ክርክር ተነስቷል። እኔ ጭኮ እላለሁ። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅመም ቅቤ የታሸው ጭኮ ቀናት ቢቆይ አይበላሽም። ማንኪያና አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቆሎና ዳቦ ጨምሩበት። አጂፕ ሰፈር የሚኖር አንድ ወንድም «ፓስታና ቲማቲም ድልህ ይሻላል፣ ትኩስ ነው» ብሎኛል። ልክ ነው፣ ግን ውኃ ይፈጃል፣ ድስት ማጠብ አለ። ሶዶ ከተማ ስትደርሱ ደግሞ ቁርጥ ሳትበሉ እንዳታልፉ። ከዳታ፣ ከወላይታው የቃሪያ ማባያ ጋር ነው የሚበላው። ዳታው ያቃጥላል፤ ጀግና ነኝ ብላችሁ በመጀመሪያው ጉርሻ አትንከሩት።

ቡናውን ጅማ ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ፣ በደንብ የሚገጠም ዕቃ ውስጥ ይዛችሁ ውጡ። ጀበና ይወሰድ ወይስ አይወሰድ? እኔ ብረት ማንቆርቆሪያ ያዝኩ፤ አይሰበርም። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ «አንተማ ሻይ ነው የጠጣኸው» አለችኝ። እሷ ጀበናዋን ቡልኮ ውስጥ ጠቅልላ ወስዳ በሰላም መልሳለች። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ለማፍያው ትንሽ ከሰልና ምድጃ፣ ወይም ትንሿ የጋዝ ምድጃ ትበቃለች። ከአካባቢው እንጨት አትቁረጡ።

«ዋሻው ውስጥ ማደር ይቻላል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ አይሆንም። ከሥሩ ያለው ገና ተቆፍሮ ያላለቀ ታሪክ ነው። እሳት ማንደድ፣ ካስማ መምታት፣ ባልጩት ለማስታወሻ ብሎ ኪስ መክተት፣ ሁሉም ጥፋት ነው። ቅርስን የሚጠብቅ ሕግም አለ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992። መጀመሪያ ሶዶ ወርዳችሁ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ጎራ በሉ። ደብዳቤውንም የሚመራችሁንም ሰው ከዚያ ትጠይቃላችሁ። ለመሪው ክፍያውን ቀድማችሁ ተስማሙ። ድንኳኑን ከዋሻው ራቅ አድርጋችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ሰው ግቢ ወይም ሜዳ ላይ ትከሉ። እኛን አንድ አባት ከበረታቸው አጠገብ አስተኝተውናል። ጠዋት ከማንቆርቆሪያዬ ቡና ስቀዳላቸው አንድ ፉት ብለው ዝም አሉ። የአክስቴ ልጅ ይህን እንዳትሰማ።

ልጆች ወይም አዛውንት የያዘ ቤተሰብ ሶዶ ሆቴል ይዞ ዋሻውን በቀን አይቶ ቢመለስ ይሻላል። ኪሱ ለሚፈቅድ ደግሞ ዳውሮ ውስጥ ሃላላ ኬላ ሪዞርት አለ። ከጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ በላይ ነው ያለው፣ ስሙም ከንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ የመጣ ነው። ድንኳን ለማይወድ የትዳር ጓደኛ ጥሩ ማስታረቂያ ይሆናል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ደስ ይለኛል። ፏፏቴውን ማየት የሚፈልግ በክረምት ሊሄድ ይችላል፤ ጭቃውንና ጭጋጉን ግን አብሮ ይቀበል። እኔ በዚያ ወቅት አልመክርም።

ያን ያንጠባጠበ ድንኳን ከመለስኩ በኋላ የራሴን ገዝቻለሁ። የሚዋስ ካለ አልከለክልም፣ ሁለት ካስማ ግን ጎድሎታል። ጆንያውን ራሳችሁ አምጡ።