ደሴ ከገባሁ ወዲህ ምግብ አልጠግብም፣ ብርዱ ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ጀመዓ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ለስራ ደሴ ሆጤ ተከራይቼ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጠኛል፣ ከዛ በላሁ ሳልል ይርበኛል። ጂም ያለ ልጅ ደሞ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ ቦርጭ ያጠፋል አለኝ፣ እውነት ነው እንዴ?

የቦርከናው፦ አብሽር ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ደሴ 2500 ወጥተህ ምን ልትሆን ነበር 😂 መንቀጥቀጡ ራሱ ስራ ነው እኮ፣ ጡንቻህ እየተኮማተረ ግሉኮስና ስብ ያቃጥላል፣ ሲብስ የሰውነት ሙቀት ማመንጨት ከእረፍት ጊዜው እስከ 4 እና 5 እጥፍ ይደርሳል፣ ታድያ ሆድህ ቢጠይቅ ይገርማል?

ጦሳ ስር፦ ቡናማ ስብን ረሳችሁት። አንገት ስርና አከርካሪ ዙሪያ ያለ ስብ ነው፣ ማይቶኮንድሪያው (የሴሉ ጉልበት ማመንጫ) ጉልበቱን ያለ መንቀጥቀጥ በቀጥታ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ድሮ ጨቅላ ህጻናት ላይ ብቻ ያለ ይመስል ነበር፣ በፈረንጆቹ 2009 ነው አዋቂዎችም ላይ እንደሚሰራ በደንብ የታየው። ግን መጠኑ ትንሽ ነው፣ ያቃጠልከውን ደሞ በአንድ ሳህን ገንፎ ትመልሰዋለህ፣ ስለዚህ ለቦርጭ ብለህ አትሰቃይ። ሰውነትህ ሲለምደው መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

እህታችሁ፦ ግፊት ወይ የልብ ችግር ያለበት ደሞ በቀዝቃዛ ውሃ አይጫወት፣ ድንገት ሲነካህ የደም ስር ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል። ጋቢ የለህም እንዴ አንተ ልጅ?